ጨው እንዳይበላት

ጅቡቲ፣ ሀራሙስ
ጥር 8 ቀን 2017

አባባ፣

ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? ጆሮህን አልጠይቅም፤ እሱ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጋር አብሮ ጡረታ ወጥቷል። «ስልክ ይዤ ሃሎ፣ ሃሎ እያልኩ ጎረቤት ከማስቅ ወረቀት ይሻለኛል» ያልከው ግን የጎዳው እኔን ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ካንተ በቀር የሚነግረኝ የለም።

መልሱ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የጌቾ አይደለም። እሱ መኪናውን ወደብ አቁሞ ደብዳቤህን እንደ ወትሮው ቡላኦስ፣ ስርጉት ምግብ ቤት አስቀምጦልኛል፤ እኔም ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ሄጄ ወስጃለሁ። ስርጉት የድሬ ልጅ ናት። አባቷ ካንተ ጋር ፉርጎ ይጠግን እንደነበር ነግራኛለች። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ለጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ ሞተርህ ጉዚዋ አለች። አበባው ከድሬ ነድቷት መጥቶ ኅዳር ላይ «ዐረብ አገር ልሞክር» ብሎ ሲነሳ ባቆማት ቦታ ናት፤ እኔ የምሠራበት የማዳም ሳብሪን ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት ታስራ። ዘበኛው ወሰኑ የኛው አገር ሰው ነው፤ ዓይኑን አይነቅልባትም። ስለዚህ ሌባ ብዙ አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ ባሕሩ ነው። ከግቢያችን ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ውስጥ ይወድቃል፤ ጠዋት ጠዋት ከመስኮቱ መስታወት ላይ ጨው እጠርጋለሁ። የጉዚዋም ቸርኬ ላይ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ ጀምሯል፤ የፍሬኗ ሽቦም ደርቋል። ከእኔና ከአበባው እኩል ያሳደግካት ሞተር እኔ እጅ ላይ ዝጋ እንዳትቀር ምን ላድርግ? ንገረኝ።

ስለ አበባው፣ እስካሁን ደብዳቤ አልላከም። ሰው ባሕር ተሻግሮ እስኪደላደል እንዲህ ነው ይላሉ።

ለጋሽ ተክለወልድ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ልጅህ ፀዳል


ሀራሙስ፣ ያው ቀን
(የማይላክ)

አባባ፣

ይህን ለጌቾ አልሰጠውም። ላንተ ስዋሽ የዋልኩበት እጅ አንድ እውነት ካልጻፈ የማብድ ስለመሰለኝ ነው።

አበባው ሞቷል። ኅዳር ላይ ከኦቦክ ወደ የመን የተሳፈረባት ጀልባ ገና ከዳርቻው ሳትርቅ ተገለበጠች። ፍራኦል የሚባል አብሮት የነበረ ልጅ ዋኝቶ ወጣ። አበባውን ማዕበሉ ወደ ዳር መለሰው፤ የአገሬው ሰዎች ከሌሎቹ ጋር አሸዋው ውስጥ ቀበሩት። አበባው ከመቀበሩ በፊት ፍራኦል ማተቡን ከአንገቱ ፈትቶ እዚህ ድረስ አመጣውና ለወሰኑ ሰጠው። ማተቡ ላይ የጉዚዋ ጓጉንቸር ቁልፍ ታስሯል፤ አንተ ከድሬ ሲነሳ ያሰርክለት። ወሰኑ ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ በሩ ላይ ጠብቆ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ወንድምሽን እግዜር ይማረው» አለኝ። ቆሻሻውን ደፍቼ ተመለስኩ። ምን ላድርግ? ምሳ አልደረሰም ነበር።

ለጋሽ ተክለወልድ ደወልኩላቸው። ይኸው ካንተ በቀር የከዚራ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ተክለወልድ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸውና እንዲህ አሉኝ፦ «መርዶ በስልክም በወረቀትም አይነገርም፣ ልጄ። ሽማግሌዎች ሆነን ማለዳ እንገባለን፣ አንቺም አጠገቡ ትቀመጫለሽ። ካንቺ ሌላ ምን ልጅ ቀረው? አንቺን ሳያይ ቢሰማ ልቡ ቀጥ ትላለች። እስክትመጪ አፋችንን ይዘናል።» እንዳልመጣ ፓስፖርቴ ማዳም ካዝና ውስጥ ነው። እነሱ ሐምሌ ላይ ፈረንሳይ ሲሄዱ ትሰጠኛለች። እስከዚያ አንተ ስለ ሞተሯ ካንዴላ ትጽፍልኛለህ፣ እኔም ስለ ካንዴላ እመልስልሃለሁ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔ አላለቀስኩም። ሰው ቤት ነው ያለሁት፤ ዓይኔ ሲቀላ ማዳም «ልጆቹን ታስደነግጫለሽ» ትለኛለች። ሽንኩርት ነው እላለሁ።


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥር 27 ቀን 2017

ለፀዳል፣ ለሀራሙሷ መካኒክ፣

ጽሕፈትሽን ዶሮ አልጫረውም፤ ዶሮ ከዚህ የተሻለ ትጽፋለች። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ሲያሻው ይታዘዛል፣ ሲያሻው ያኮርፋል።

አሁን ስሚኝ። ጨው ሥራ አይፈታም፤ አንቺ ተኝተሽ እሱ ይሠራል። ስለዚህ በየሳምንቱ፣ ዓርብ ከመውጣትሽ በፊት፣ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጥረጊያት። በጎማ ውሃ እንዳትረጪባት፤ ውሃው ጎማዋ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቂና ብረቷን ሁሉ በስሱ ዘይት አብሺው። ቸርኬው ላይ የጀመረውን በዘይት በተነከረ ጨርቅ እሺው እንጂ በአሸዋ ወረቀት አትንኪው፤ ኒኬሉን ከላጥሽው ያለቀለት ነገር ነው። ለፍሬኗ ሽቦ ከላይ ዘይት አንጠብጥቢለት፤ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ላስቲክ እንዳታለብሻት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላስቲክ ውስጥ ብረት ያልበዋል፣ ላቡም ይበላዋል። ጌቾ እናትሽ የተወችውን ነጭ የጥጥ አንሶላ ይዞልሻል፤ እሱን ጣል አድርጊባት። ቤንዚኑን ከሰልባትዮዋ ቅጂው፣ ግን ባዶዋን አታስቀምጫት፤ ባዶ ሰልባትዮ ከውስጥ ይዝጋል። አውልቀሽ ትንሽ ዘይት ጨምሪና ግራና ቀኝ ነቅንቂያት።

እሳት የምትሰጣትን ካንዴላዋን ፍቺና በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ፤ ከዚያ ፔዳሏን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ተጫኚ። በእግር አትርገጪ፣ ልታስነሻት አይደለም፤ ፒስተኗ እንዳይጣበቅ ነው። ስትጨርሺ ደህናዋን ካንዴላ አልጋሽ ስር ደብቂ። ቀዳዳውን ጌቾ በያዘልሽ በዚህች በሞተች ካንዴላ ዝጊው። የሚያይ ሰው ሙሉ ሞተር ያያል፤ ሌባ እስኪነጋ ቢረግጣት አትነሳለትም።

ጎማዋን ግን ማዞር አትችይም። ሰንሰለቱ በፊተኛው ጎማ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ጓጉንቸሩም የዕቃ ፉርጎ ጓጉንቸር ነው፤ መጋዝ ይሰብራል እንጂ አይሰበርም። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም አበባው ማተብ ላይ ነው። ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ «ከአንገትህ የሚወርደው ተመልሰህ ራስህ ስትከፍታት ነው» ብዬ። ስለዚህ እሱ እስኪመጣ አየር ብቻ እያስሞላሽ ባለችበት ትቁም።

ስለ እሱ የጻፍሽልኝ ሁለት መስመር ነው። ለሞተር አንድ ገጽ፣ ለወንድም ሁለት መስመር! የሰማሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ ወሬም ቢሆን።

እዚህ ሰፈር ሰዉ ሁሉ ምን እንደነካው አላውቅም፤ ሳልታመም ወጥ ይዘው እየመጡ ይጠይቁኛል። ተክለወልድም በዳማ ይሸነፍልኝ ጀምሯል። ያ ሰውዬ በዕድሜው ለሰው ተሸንፎ አያውቅም። እርጅና ይሆናል።

አባትሽ ወልደየሱስ


ሀራሙስ
መጋቢት 2 ቀን 2017

አባባ፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰህ። አንሶላውም፣ ዘይቱም፣ የሞተችው ካንዴላም ደርሰውኛል። አሁን እጄ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት ስለሚሸት ማዳም ሽንኩርት ከመክተፌ በፊት እያሸተተች ታስገባኛለች። አንተ እንዳልከው ሁሉን አድርጌያለሁ። መጀመሪያ ቀን ፔዳሏ አልንቀሳቀስም ብሎኝ ነበር፤ ዘይቱን ጨምሬ አደረችና በማግስቱ ሲለቀኝ ደስ ብሎኝ ወሰኑን ጠርቼ አሳየሁት። «አንቺ ልጅ፣ እንጀራሽ እዚህ ነው የነበረው» አለኝ።

የሞተችው ካንዴላ ደግሞ ሥራዋን ሠርታለች። የማዳም ወንድም ልጅ ሆዳን ከሚባለው ሰፈር መጥቶ ጉዚዋን ሲያይ ልቡ ሄደ፣ «እስከ ጥግ ድረስ ልንዳት» ብሎ ሲረግጣት ዋለ። ታስራ ሳለ ወዴት ሊሄድባት እንደነበር እንጃ። ሸሚዙ በላብ ሲበሰብስ ትቷት ሄደ። ወሰኑ በረኛ ቤት ገብቶ ሳቀ።

አንድ ችግር ገጥሞኝ ነበር፣ እሱንም ተወጥቼዋለሁ። የማዳም ባል አዲስ መኪና ገዛና «ያቺን አሮጌ ብረት ከጋራዤ አውጡልኝ፣ አለዚያ መንገድ ላይ አስጥላታለሁ» አለ። እኔና ወሰኑ ገፍተን ወደ ጓሮ፣ ልብስ የማጥብበት ጥላ ስር አዛወርናት። እዚያ ከባሕሩ ነፋስ ግድግዳው ይከልላታል። ስንገፋት የጎማዋ የታችኛው ጎን ተጨፍልቆ መሰነጣጠቅ ጀምሮ አየሁት። ስለዚህ ጎማውን አዙሬ ደህናውን ጎን ወደ ታች አደረግሁ፣ ከሆዷም ስር እንጨት አስገብቼ ክብደቷን ቀነስኩለት። ከዚያ ከውሃ ታንከሩ ብረት ጋር መልሼ አሰርኳት። እንዴት ነኝ? ወርክሾፕህ ውስጥ ትቀጥረኛለህ?

ስለ አበባው የሰማሁት የለም። ሳዑዲ ገና የገባ ሰው ስልኩን ይቀሙታል ይላሉ፤ ወረቀት ደግሞ የሚያደርስለት አያገኝም። አትጨነቅ።

ሐምሌ ላይ እመጣለሁ። ማዳም ቃል ገብታልኛለች።

ልጅህ ፀዳል


ከዚራ
መጋቢት 21 ቀን 2017

ፀዳል፣

ደብዳቤሽን አነበብኩ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አንስቼ አነበብኩ። ጎማ በማዞርሽ፣ እንጨት በማስገባትሽ ጎበዝ ነሽ። እኔም ከዚህ የተሻለ አላደርግም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጓጉንቸሩን ሰበርሽው ወይስ ከፈትሽው?

ከሰበርሽው አልቆጣም፣ ብረት ነው። በምን እንደሰበርሽው ብቻ ጻፊልኝ።

አባትሽ


ሀራሙስ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017

አባባ፣

ለፋሲካ ያድርሰን። እዚህ ሙቀቱ ከወዲሁ ጀምሯል፤ ከቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ መምጣት አቁሟል። ልጆቹ ከቤት አይወጡም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እግሬ ስር ናቸው። ጉልበትህን ቅባት ትቀባዋለህ? በርበሬ ያለበትን ተው፣ ቆዳህን ይልጥሃል።

ጉዚዋ ደህና ናት። ቸርኬው ላይ የነበረው ዝገት ባለበት ቆሟል፣ አልጨመረም። አንሶላውን አጥቤ መልሼ አልብሻታለሁ። ስርጉት ሰላም ብላሃለች። ጌቾ ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ነው። ወሰኑ ጥርሱን አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል።

ሌላው ወሬ ደስ አይልም። የማዳም አማት ታመዋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ፈረንሳይ አይሄዱም። ፓስፖርቴን ብጠይቃት «አሮጊቷን ጥለሽ ወዴት ልትሄጂ ነው? ለሚመጣው ዓመት እናያለን» አለችኝ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። «አባቴ አርጅቷል» አልኳት። «ሁሉም አባት ያረጃል» አለችኝ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ አልመጣም፣ አባባ። ይቅር በለኝ። ቃሌን እንዳላጠፍኩ እግዜር ያውቃል።

ይህን ስጽፍ ቀኑ መሸ። ሌላ የምጽፈው ወሬ ስፈልግ ነበር፣ አለቀብኝ።

ጓጉንቸሩ ደህና ነው፣ አባባ። አልተሰበረም።

ልጅህ ፀዳል


ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ግንቦት 1 ቀን 2017

ፀዳል ልጄ፣

ጌቾ ይህን ደብዳቤ ለማንም ትቶልሽ እንዳይሄድ፣ በርም ላይ ቆሞ እንዳይሰጥሽ አስምዬዋለሁ። አሁን ስርጉት ጓዳ ተቀምጠሽ ነው የምታነቢው። «ከአባትሽ ዕቃ መጥቷል» ተብለሽ እንደተጠራሽ አውቃለሁ። ዕቃ የለም። ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ሰበርኩት ብትይኝ አምንሽ ነበር። አበባው ቁልፉን ትቶልኝ ሄዷል ብትይኝም አምንሽ ነበር፤ ሽማግሌ ማታለል ምን ይከብዳል? ግን አላልሽኝም። እኔ ደግሞ ያንን ቋጠሮ ያሰርኩት ራሴ ነኝና አበባው በሕይወት ሳለ እንደማይፈታው አውቃለሁ። ግትርነቱ የእኔ ነው፣ ከማን አመጣው ትያለሽ።

እውነቱን ለመናገር ቀደም ብዬም ጠርጥሬ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔማ ከማንም ይልቅ ባዳ ነው። ዓይኔ ግን አልደነቆረም። ወጥ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ቀና ብለው አያዩኝም ነበር። የፈሩት ይደርሳል እያልኩ ልቤን ዝም አሰኘሁት፤ ብጠይቅ ይመልሱልኛል ብዬ ፈራሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ማለዳ ኮቴን ለብሼ ተክለወልድ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። «ልጄ ሞቷል። ድንኳኑን አውጡ» አልኩት። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ወድቆ ተንቀጠቀጠ።

የዕድሩ ሽማግሌዎች ግን ተቆጡ። ተክለወልድ ወረቀት አምጥቶ ጻፈልኝ፦ «ባለ ሐዘን ራሱን ሲያረዳ ታይቶ አይታወቅም። ፀዳል እስክትመጣ ለምን አትታገስም?» አለኝ። «ፀዳል አትመጣም» አልኩት። «እናንተ ለእኔ አዝናችሁ ዝም ስትሉ፣ እሷ ወንድሟን ለብቻዋ ተሸክማ የሰው ሳህን ታጥባለች። እኔ ሳልሰማ እሷ ማልቀስ አትችልም። ስለዚህ ሰምቻለሁ።» ተክለወልድ ወረቀቱን አጥፎ ተነሳ።

ድንኳኑ ተተከለ። ሰዉ ከኅዳር ጀምሮ አምቆት የነበረውን አለቀሰ። ድምፃቸውን አልሰማሁም፤ አፋቸውን ብቻ ነው ያየሁት። እኔም ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ተክለወልድ ደረቴን አቅፎ አፌን በእጁ ሲሸፍነው ነው እየጮህኩ መሆኔን ያወቅሁት። አንጀቴ ተቆርጧል፣ ልጄ። አበባውን ባሕር ይብላው በረሃ አላውቅም። ሰው ይቅበረው አይቅበረው አላውቅም፤ ተክለወልድ ሊጽፍልኝ ሲል «ከፀዳል እንጂ ከሌላ አልሰማም» አልኩት። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከዛሬ በኋላ ሁሉንም ጻፊልኝ፣ አንድም አታስቀሪብኝ። አሁን መጻፍ ይቻላል።

ጉዚዋን ጌቾ መኪናው ላይ ቦታ ሲያገኝ ይጭንልኛል። ለጊዜው ተያት።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። እኔን ሊያረዱኝ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቀን ተቆጥሮ፣ ስንት ወር ተመከረ። አንቺን ማን አረዳሽ? ማን ያዘሽ? አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ነግሮሽ ሄዶ ይሆናል፣ አንቺም ወደ ሥራሽ ተመልሰሽ ይሆናል። ያ ወሬ ነው፤ መርዶ አይደለም። ስለዚህ ላንቺ መርዶ አልደረሰሽም። መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ፣ አባትሽ ነኝና። እግሬ አላደርስ ስላለኝ በወረቀት ሆነ፤ ለዚህ ይቅር በይኝ።

አሁን ቀና በይ። አጠገብሽ የተቀመጠችው ስርጉት ናት፤ እንድትይዝሽ ለምኛታለሁ። ጌቾ በሩ ጋ ነው፣ ወሰኑም መጥቷል። ሌሎቹ ጅቡቲ ያሉ የድሬ ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ላንቺ ብለው ነው። ማዳም እዚህ የለችም። ልጆችም የሉም። የሚደነግጥብሽ ሰው የለም።

ፀዳል፣ ወንድምሽ አበባው ሞቷል።

አልቅሺ፣ ልጄ።

አባትሽ ወልደየሱስ